ፋይሉን የከፈተችው ጸሐፊ ጥፋተኛ አይደለችም



ስለ ኮምፒውተር ደኅንነት ሥልጠና በተሰጠ ቁጥር አንድ ትእዛዝ አይቀርም። «ከማታውቁት ሰው የመጣ ፋይል አትክፈቱ!» ይባላል። እንዲህ የሚል አሠልጣኝ መዝገብ ቤት ተቀምጦ አያውቅም ማለት ነው። የሰው ኃይል ሠራተኛዋ ማስታወቂያ በወጣ ሰሞን ቀኑን ሙሉ የምትከፍተው ከማታውቀው ሰው የመጣ ሲቪ ነው። ግዥ ክፍል ያለው ባልደረባችን የሚከፍተው መልኩን አይቶ ከማያውቀው ነጋዴ የተላከ ፕሮፎርማ ነው። ጋዜጠኛው የጠቋሚውን ጽሑፍ፣ ጠበቃው የባለጉዳዩን አቤቱታ፣ መምህሩ የተማሪውን ጥናታዊ ጽሑፍ ይከፍታል። የማያውቁትን ሰው ፋይል መክፈት የተቀጠሩበት ሥራ ነው። «አትክፈቱ» ማለት «ሥራችሁን አትሥሩ» ከማለት አይለይም።

እኔ ዛሬ የቆምኩት ይህን ትእዛዝ ልደግምላችሁ አይደለም። ጸሐፊዋ ፋይሉን ከመክፈቷ ከብዙ ዓመት በፊት፣ ጥፋቱ የት እንደተጀመረ ላሳያችሁ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

አብዛኞቻችን የዎርድን ፋይል እንደ ወረቀት እናየዋለን። ተጽፎበታል፣ ይነበባል፣ በቃ። እስቲ ወደ ቢሯችሁ ስትመለሱ ስሙ በ«ዶክኤክስ» የሚያልቅ አንድ ፋይል ኮፒ አድርጉና የስሙን ጫፍ ወደ «ዚፕ» ቀይሩት። ይከፈታል። ውስጡ በርካታ ፎልደሮች ታገኛላችሁ። ጽሑፉ በአንዱ ነው፣ ፎቶው በሌላው ነው፣ የፊደሉ መልክና መጠን በሌላ። ከእነዚህ መካከል የትኛው ክፍል ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ የሚዘረዝሩ ትንንሽ ፋይሎች አሉ። ዝርዝሩ ውስጥ የሚጻፈው ነገር እዚያው ፓኬት ውስጥ ያለ ላይሆን ይችላል፤ ሩቅ አገር ያለ የኢንተርኔት አድራሻም ሊሆን ይችላል። ዎርድ ያንን ያነብና ሄዶ ያመጣል፤ እናንተን አያማክርም።

ከዚህ ቀደም ብሎ የመጣ ሌላም ነገር አለ። ማይክሮሶፍት በ1990ዎቹ መጀመሪያ «ኦሌ» የሚባል አሠራር ዘረጋ። የኤክሴልን ሠንጠረዥ በዎርድ ደብዳቤ መሐል ማስቀመጥ የቻልነው በእሱ ነው። ለሪፖርት አቅራቢ ትልቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን አሠራሩ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ደብዳቤው በውስጡ ባዕድ ነገር ተሸክሞ ይመጣል፤ ያንን ነገር የሠራው ፕሮግራም ደግሞ ከእንቅልፉ ይቀሰቀሳል። ጸሐፊዋ አንድ ደብዳቤ ከፈተች ብላችሁ የምታስቡት፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ መኖራቸውን እንኳ የማታውቃቸው ፕሮግራሞች ሲነሡ ነው።

ከነዚያ ፕሮግራሞች አንዱ ኢኩዌሽን ኤዲተር ይባላል። የሒሳብ ቀመር መጻፊያ ነው። ዲዛይን ሳይንስ የተባለ ኩባንያ ሠራው፤ ማይክሮሶፍት ፈቃድ ወስዶ ከኦፊስ ጋር አከፋፈለው። በዓለም ዙሪያ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ የኖረው ቅጂ በኖቬምበር 2000 የተዘጋጀ ነበር። ኦፊስ 2007 ሲወጣ አዲስ የቀመር መጻፊያ መጣ፤ አሮጌው ግን አልተነሣም። ምክንያቱ ክፉ አልነበረም። በድሮው መሣሪያ ፈተና ያወጡ መምህራን፣ ስሌት የሠሩ መሐንዲሶች ነበሩ፤ የእነሱ ፋይል እንዳይበላሽ ተብሎ ነው። የኦፊስ ፕሮግራሞች ደኅንነት ታሪክ፣ እኔ እስከሚገባኝ ድረስ፣ ከግማሽ በላይ በዚህች ደግ ሐሳብ ውስጥ ያልፋል፤ የድሮው ፋይል ይከፈት።

ስህተቱ ምን ነበር? አንድ የማመልከቻ ቅጽ አስቡ። ከላይ «የአመልካች ስም» የሚል ጠባብ ሣጥን አለ። ከሥሩ «ለቢሮ አገልግሎት ብቻ» ተብሎ ኃላፊው ውሳኔ የሚጽፍበት ቦታ አለ። አንድ ተንኮለኛ አመልካች ስሙን አርዝሞ፣ አርዝሞ ይጽፍና ጽሑፉ ከሣጥኑ ወጥቶ የኃላፊው ቦታ ላይ ያርፋል። እዚያ ላይ እንዲያርፍ ያዘጋጀው ቃል ደግሞ «ይፈጸም» የሚል ነው። ቅጹን የሚቀበለው ሠራተኛ ስሙ ከሣጥኑ ማለፉን አይመለከትም፤ ውሳኔው ቦታ ላይ ያነበበውን ይፈጽማል። ኢኩዌሽን ኤዲተር በትክክል ይህን ያደርግ ነበር። ፋይሉ ውስጥ የተጻፈ የፎንት ስም ይቀበላል፤ ርዝመቱን አይለካም። ስሙን ያረዘመ ሰው ኮምፒውተሩን የፈለገውን ያዝዘዋል።

ማይክሮሶፍት በነዚያ ዓመታት ሁሉ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። እንዲህ ያለውን ስህተት ከንቱ የሚያደርጉ መከላከያዎች ለዎርድና ለኤክሴል ሲገነባ ኖሯል። ኢኩዌሽን ኤዲተር ግን ከዎርድ ተለይቶ ለብቻው የሚሮጥ ፕሮግራም ነበር፤ የተዘጋጀውም መከላከያዎቹ ከመለመዳቸው በፊት ነው። ስለዚህ አንዱም አልደረሰለትም። ኤምቤዲ የተባለ ድርጅት ተመራማሪዎች ቀዳዳውን በ2017 አገኙትና ማይክሮሶፍት በኖቬምበር ደፈነው። ጥገናውን የመረመሩ ባለሙያዎች አንድ የሚያስገርም ነገር አዩ። ፕሮግራሙ ከምንጭ ኮዱ እንደገና የተሠራ አይመስልም፤ ማሽኑ በሚያነበው ኮድ ላይ በእጅ እየተነካካ የተጠገነ ነው የሚመስለው። በዓለም ትልቁ የሶፍትዌር ኩባንያ የራሱ ምርት ውስጥ ያለን መሣሪያ ምንጭ ኮድ አጥቶት ይሆን የሚል ግምት የተነሣው ያኔ ነው። ሌላ ቀዳዳ ወዲያው ስለተገኘበት በጃንዋሪ 2018 ጭራሹን ከኦፊስ እንዲወጣ ተደረገ።

17 ዓመት። የትኛዋ ጸሐፊ ነች ለዚህ የምትጠየቀው?

ታሪኩ በዚያም አላበቃም። በሜይ 2020 ኤፍቢአይና የአሜሪካ መንግሥት የሳይበር ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከ2016 እስከ 2019 አጥቂዎች በብዛት የተጠቀሙባቸውን 10 ቀዳዳዎች ይፋ አድርገው ነበር። ከቻይና፣ ከኢራን፣ ከሰሜን ኮሪያና ከሩሲያ መንግሥታት ጋር የተያያዙ አጥቂዎች አብዝተው የተጠቀሙባቸው ሦስቱ በሙሉ ከኦሌ ጋር የተገናኙ ነበሩ። አንደኛው የኢኩዌሽን ኤዲተሩ ነው። ሁለተኛው በኤፕሪል 2017 የተደፈነ የዎርድ ቀዳዳ ነው። ሦስተኛውን ልብ በሉ፤ ጥገናው የወጣው በ2012 ነው! መድኃኒቱ በነፃ ተሰጥቶ ከ7 ዓመት በኋላም ሕመሙ የሚሠራው፣ መድኃኒቱን ያልወሰደ ኮምፒውተር በየቢሮው ስላለ ነው። የመንግሥት ሰላዮች አዲስ ነገር ለመፈልሰፍ አይቸኩሉም። አሮጌው ከሠራ ምን አደከማቸው?

ስለ ማክሮ ብዙ አልናገርም፤ የቆየ ነገር ስለሆነ ሰምታችኋል። ማክሮ ተደጋጋሚ ሥራን የሚያቃልል፣ በሰነዱ ውስጥ የሚቀመጥ ፕሮግራም ነው። የደመወዝ ሠንጠረዥ የምትሠሩ ታውቁታላችሁ። በ1995 «ኮንሴፕት» የተባለው ቫይረስ በዎርድ ማክሮ ተሰራጨ፤ ማይክሮሶፍት ራሱ ያከፋፈለው አንድ ሲዲ ላይ ሳይቀር ተገኘ። በማርች 1999 «ሜሊሳ» መጣች። ሰነዱን የከፈተ ሰው አድራሻ መዝገብ ውስጥ ላሉ 50 ሰዎች ራሷን ትልክ ነበር። ከማያውቁት ሰው የመጣ አትክፈቱ ማለት እዚህ ጋ ዋጋ የለውም፤ የሜሊሳ ደብዳቤ የሚመጣው ከሚያውቁት ሰው ነው። በዲሴምበር 2015 በዩክሬን ወደ 225,000 የሚጠጉ ደንበኞች መብራት ጠፍቶባቸው ያመሹት፣ አጥቂዎቹ ከወራት በፊት ለመብራት ኃይል ሠራተኞች በላኩት ማክሮ ያለበት የኦፊስ ፋይል ገብተው ነው።

በዚህ ሁሉ ጊዜ የኩባንያው መልስ ምን ነበር? ማስጠንቀቂያ፤ ኋላ ላይ ደግሞ በሰነዱ አናት ላይ ቢጫ መስመር። «ማክሮ ታግዷል፤ ከፈለግህ ይህን ተጫን» ይላል። አጥቂዎቹ ደግሞ ሰነዱ ውስጥ ሥዕል ያስቀምጣሉ፤ «ይህ ፋይል የተሠራው በአዲስ ኦፊስ ነው፤ ለማንበብ ከላይ ያለውን ቁልፍ ይጫኑ» የሚል። ሠራተኛዋ ትጫናለች። የፋይናንስ ክፍሉ የራሱ ሠንጠረዥም ሲከፈት ያው ቢጫ መስመር ይወጣልና በቀን አሥር ጊዜ የምትጫነው ቁልፍ ነው። በየቀኑ የሚጮኽ ማስጠንቀቂያ ማስጠንቀቂያ አይደለም፤ ኃላፊነትን ከሻጭ ወደ ተጠቃሚ ማሻገሪያ ነው። ማይክሮሶፍት ከኢንተርኔት የመጣ ማክሮ ያለ ጥያቄ እንዲታገድ የወሰነው በ2022 ነው፤ ከሜሊሳ 23 ዓመት በኋላ። በውሳኔው መሠረት ማገድ ጀምሮ፣ ቅሬታ በዝቶበት ለጥቂት ሳምንት መልሶ አቁሞት፣ እንደገና ቀጠለ። ዘግይቶም ቢሆን ትክክል ነው። አጥቂዎቹ ወዲያው መንገድ መቀየራቸው ደግሞ መሥራቱን ያሳያል።

ማክሮ ቢታገድስ? በዚያው ዓመት በሜይ ወር ከቤላሩስ ወደ አንድ የቫይረስ መመርመሪያ ድረ ገጽ የተጫነ የዎርድ ፋይል ተገኘ። ማክሮ የለበትም። ቅድም የነገርኳችሁ የግንኙነት ዝርዝር ውስጥ ግን የውጭ አድራሻ ነበረው። ዎርድ አድራሻውን ተከትሎ አንድ ገጽ ያመጣል፤ ገጹ የዊንዶውስን የብልሽት መመርመሪያ መሣሪያ ይጠራል፤ መሣሪያው ደግሞ የአጥቂውን ትእዛዝ ይፈጽማል። ፋይሉ ላይ ተጽፎ የተገኘው 0438 የሚል ቁጥር የጣልያኗ ፎሊና ከተማ የስልክ መለያ ስለሆነ ቀዳዳው «ፎሊና» ተባለ። ፋይሉ አርቲኤፍ በተባለ ሌላ የሰነድ ዓይነት ሲዘጋጅ ደግሞ መክፈትም አያስፈልግም ነበር፤ በፎልደሩ ጎን ባለው ቅድመ ዕይታ ብቅ ማለቱ ብቻ ይበቃል። ለማይክሮሶፍት ከአንድ ወር በፊት፣ በኤፕሪል፣ ሪፖርት ተደርጎለት «የደኅንነት ጉዳይ አይደለም» ብሎ ዘግቶት ነበር። ጥገናው የወጣው ጁን 14 ቀን ነው።

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ወሬ ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ በ2012 መጨረሻ ገደማ በኢሜይል የደረሰው የዎርድ ፋይል ኮምፒውተሩ ላይ ፊንስፓይ የተባለ ሰላይ ፕሮግራም ተከለበት። ፕሮግራሙ ለመንግሥታት ብቻ ይሸጥ ነበር የሚባል ነው። የስካይፕ ንግግሩን ይቀዳ ነበር፤ ቤተሰቡ የሚጽፈውን ይገለብጥ ነበር፤ የዘጠነኛ ክፍል ልጁ ለቤት ሥራ ኢንተርኔት ላይ የፈለገው ነገር ሳይቀር ተመዝግቦ ተገኝቷል። ሰውየው «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም፣ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን በተባለ ተቋም ጠበቆች አማካይነት የኢትዮጵያን መንግሥት በ2014 ከሰሰ። የአሜሪካ ይግባኝ ፍርድ ቤት በማርች 2017 መዝገቡን ዘጋው። ድርጊቱ ተፈጽሟል ወይም አልተፈጸመም አላለም፤ ፈጸመ የተባለው ድርጊት ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ምድር ላይ የተፈጸመ ስላልሆነ የውጭ መንግሥትን ለመዳኘት ሥልጣን የለኝም ነው ያለው። እዚህ ላይ የሕግ ባለሙያዎች ብትኖሩ ውሳኔውን ደጋግማችሁ እንድታነቡት እመክራለሁ። ቤታችሁ ሳሎን የገባ ሌባ ትእዛዙን የተቀበለው ከባሕር ማዶ ከሆነ የሚዳኛችሁ አጣችሁ ማለት ነው።

በዲሴምበር 2013 ደግሞ በቤልጂየምና በአሜሪካ ለነበሩ የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ጽሑፍ የመሰሉ ፋይሎች ተላኩ። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ መረመራቸውና ሐኪንግ ቲም የተባለው የጣልያን ኩባንያ ሰላይ ፕሮግራም ሆነው አገኛቸው። በጁላይ 2015 ሐኪንግ ቲም ራሱ ተሰብሮ 400 ጊጋባይት የሚሆን ሰነዱ ሲዘረገፍ፣ የኢትዮጵያው የመረጃ መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ከደንበኞቹ መካከል ተጠቅሶ ታየ። የፖለቲካውን ፍርድ ለእናንተ ልተወው። እኔን የሚያሳስበኝ የማጥመጃው ምርጫ ነው። ለጋዜጠኛ የሚላከው የሎተሪ ዕጣ አይደለም፤ «ለጣቢያችሁ የሚሆን ጽሑፍ» ነው። ለሰው ኃይል ሲቪ፣ ለግዥ ፕሮፎርማ፣ ለመዝገብ ቤት ማመልከቻ ይላካል። አጥቂው የሥራ መደባችሁን ዝርዝር ተግባር አንብቦ ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ እኛ ቢሮ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ከየትኛውም መጽሐፍ ይልቅ ፍላሻችሁ ይናገራል። ዊንዶውስ ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል ላይ የማይታይ ምልክት ያደርጋል። ኦፊስ ከ2010 ወዲህ ይህን ምልክት ሲያይ ሰነዱን በተከለለ ዕይታ ይከፍተዋል፤ መነበብ ይችላል፣ ማዘዝ ግን አይችልም። የ2022ቱ የማክሮ እገዳም የሚሠራው ምልክቱን አይቶ ነው። ችግሩ ይህ ምልክት የሚቀመጠው ፋይሉ ባለበት ዲስክ አሠራር ላይ ተመርኩዞ መሆኑ ነው። የኮምፒውተሩ ዲስክ ይይዘዋል፤ ብዙ ፍላሽ የሚዘጋጅበት «ፋት 32» የተባለው አሠራር ግን አይዘውም። እናም ባለጉዳዩ ከኢንተርኔት ካፌ አውርዶ በፍላሽ ይዞላችሁ የሚመጣው ፋይል ምልክቱን መንገድ ላይ ጥሎት ይደርሳል። ኮምፒውተራችሁ እዚያው ቢሮ እንደተጻፈ ደብዳቤ አድርጎ ይቀበለዋል። በማይክሮሶፍት ዋና መሥሪያ ቤት፣ ሬድመንድ ላይ፣ የተነደፈው መከላከያ፣ ኢሜይል በሌለበትና ፋይል በኪስ በሚዞርበት ቢሮ፣ ሳይሰማ ይጠፋል። ስለ ፍላሽ ቫይረስ ሁሌም እንነጋገራለን፤ ስለዚህኛው ግን ሥልጠና ላይ ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም።

ሁለተኛው የእኛ ጉዳይ ክራክ ነው፤ ፈቃድ ሳይገዙ ፕሮግራም መጫን ማለት ነው። ፈቃድ መግዣ ዶላር አለመኖሩን አውቃለሁ፤ ማንንም ሌባ ለማለት አልመጣሁም። ነገር ግን ኦፊስን በክራክ የሚጭንላችሁ ልጅ መጀመሪያ የሚያደርገው አንቲቫይረሱን ማጥፋት ነው፤ ቀጥሎ ክራኩ እንዳይታወቅ አፕዴቱን ይዘጋል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ኮምፒውተሩ የዕድሜውን ቆጠራ አቁሟል። በኢኩዌሽን ኤዲተር ቀዳዳ የሚገባ ፋይል ዛሬም የሚላከው እንዲህ ያለ ኮምፒውተር እንዳለ ስለሚታወቅ ነው።

«ታዲያ ማይክሮሶፍትን እንተወው» የሚል አለ። ሊብረኦፊስ ነፃ ነው፤ ፈቃድም አይጠይቅም፤ ለክራክ ደግሞ ከማንም የተሻለ መልስ ነው። ሆኖም በ2019 ይፋ በሆነ አንድ ቀዳዳው፣ ሰነዱ ውስጥ ባለ ማያያዣ ላይ የማውሱ ቀስት ማለፉ ብቻ ፕሮግራም ያስነሣ ነበር። ብዙዎቻችን ስልካችን ላይ የምናውቀው ደብልዩፒኤስም በ2024 በዊንዶውስ ቅጂው ተጠቅቷል፤ የሠንጠረዥ ረድፍና ዓምድ የሚመስል ሥዕል አስቀምጠው ሰውየው ሕዋስ የነካ መስሎት ሥዕሉን ሲነካ ፕሮግራማቸው ይነሣል። በደቡብ ኮሪያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች «ሐንግል» በተባለ የራሳቸው የጽሕፈት ፕሮግራም ይሠራሉ፤ የሰሜን ኮሪያ አጥቂዎች የሐንግልን ቀዳዳ አጥንተው በዚያ መጡባቸው። ምርቱን መቀየር ይጠቅም ይሆናል፤ ምርቱን አለማደስ ግን በየትኛውም ስም ያው ነው።

ለእናንተ ለሠራተኞቹ የምለው አጭር ነው። ሰነዱ በተከለለ ዕይታ ከተከፈተና ማንበብ ብቻ ከሆነ ጉዳያችሁ፣ ለማረም የሚፈቅደውን ቁልፍ አትንኩ። በፍላሽ የመጣውን የማይታወቅ ፋይል፣ ሚስጥር ካልሆነ፣ በኢንተርኔት ላይ ባለ ማንበቢያ ክፈቱት፤ ተንኮሉ ቢነሣም ከእናንተ ኮምፒውተር ውጭ ይነሣል። አንድ ነገር ከከፈታችሁ በኋላ ኮምፒውተሩ ያልለመደውን ካደረገ የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉና ወዲያው ተናገሩ።

ወዲያው እንድትናገሩ ግን መናገር የማያስቀጣ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ወደ እናንተ እዞራለሁ፤ የተከበራችሁ ኃላፊዎች። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ቫይረስ ያስገባችው ጸሐፊ ደመወዟ ሲቆረጥ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቢሮ ማንም ምንም አልተናገረም፤ ቫይረሱ ግን መግባቱን አላቆመም። ያልታደሰ ኮምፒውተር የሰጣት ማነው? አፕዴት የኢንተርኔት ፓኬጅ ይበላል ብሎ ያስዘጋው ማነው? ከውጭ የሚመጣ ፋይል የሚከፈትበት፣ ከደመወዝና ከመዝገብ መረብ ጋር ያልተገናኘ አንድ ኮምፒውተር ሲጠየቅ በጀት የለም ያለው ማነው? በየዓመቱ ለመኪና ጥገና የሚያዝ በጀት አለ። ለሶፍትዌር ጥገና የሚባል መደብ ያለው መሥሪያ ቤት ስንት ነው?

ኦፊስ 2016 እና ኦፊስ 2019 ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ የማይክሮሶፍት ድጋፋቸው አብቅቷል። ከዚያ ቀን በኋላ ለሚገኝባቸው ቀዳዳ ጥገና መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ ነገ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ ዎርድን ክፈቱ፤ «ፋይል» ከሚለው ገብታችሁ «አካውንት» የሚለውን ተጫኑና የትኛው ኦፊስ እንደሆነ አንብቡ። 2019 ወይም ከዚያ በታች ካገኛችሁ፣ ስንት ኮምፒውተር ላይ እንዳለ ቆጥራችሁ ለበላይ ኃላፊያችሁ በደብዳቤ አሳውቁ፤ ደብዳቤው ቁጥርና ቀን ይኑረው፤ ግልባጩን እናንተ ዘንድ አስቀምጡ።